የጥበቃ እገዳ
ቤት ወይም ቦታ የገዛ ሰው ሁሉ «ከዕዳና እገዳ ነጻ» የምትለውን ማረጋገጫ ያውቃታል። በአሜሪካ ግን ገበሬዎችና የደን ባለቤቶች ወደውና ፈቅደው በገዛ መሬታቸው ላይ የሚያስመዘግቡት እገዳ አለ። በእንግሊዝኛ ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት ይሉታል፤ በአማርኛ «የጥበቃ እገዳ» ብንለው ያስኬዳል።

ባለመሬቱ መሬቱን ሸንሽኖ ቤት የማሠራት መብቱን ለመሬት ጥበቃ ድርጅት ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሸጣል፤ አለዚያም በስጦታ ይሰጣል። እርሻው ግን የራሱ ነው። ያርሰዋል፣ ያከራየዋል፣ ያወርሰዋል፣ ቢሻው ይሸጠዋል። ገዢም ሆነ ወራሽ የሚረከበው ከነእገዳው ነው። ዋጋው የሚወጣው መሬቱ ያለእገዳና ከነእገዳው የሚያወጣው ተገምቶ በልዩነቱ ነው። በስጦታ ለሰጠ ደግሞ ሕጉን እስካሟላ ድረስ ልዩነቱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ይቀነስለታል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በውርስ ጊዜ ነው። ከተማ እየተጠጋ ሲመጣ እርሻ የሚተመነው በሚሰጠው ምርት መሆኑ ይቀርና ሊሠራበት በሚችለው ቤት ይሆናል። አባት ሲያርፍ ከልጆቹ አንዱ ማረስ ቢፈልግ እንኳ የወንድም የእህቶቹን ድርሻ በዚያ ዋጋ ከፍሎ መያዝ አይችልም፤ መሬቱ ለገንቢ ይሸጣል። እገዳው ዋጋውን ወደ እርሻ ዋጋ ስለሚመልሰው አራሹ ልጅ አቅሙ ይደርሳል። ለእኔ የዚህ ሕግ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

በደን በኩል የሜይን ግዛቱን የፒንግሪ ቤተሰብ የሚያህል ምሳሌ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቤተሰቡ በ762,192 ኤከር ላይ፣ ማለትም ከ308 ሺህ ሄክታር በሚበልጥ ደን ላይ፣ የመገንባት መብቱን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለኒው ኢንግላንድ ፎረስትሪ ፋውንዴሽን ሸጠ። እንጨት መቁረጡ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ደኑን ቆራርሶ የመዝናኛ ቤት መሥራት ነው። በሜሪላንድም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ የነዳ ሰው የሚያገኘው ሰፊ እርሻ፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1980 የከለለው 93 ሺህ ኤከር ነው። እዚያ ገበሬው የመገንባት መብቱን የሚሸጠው በሌላ አካባቢ ለሚገነባ ሰው ሲሆን በሸጠበት መሬት ላይ እገዳ ይመዘገባል።

አጭበርባሪም አልታጣም። ርካሽ መሬት በማኅበር ገዝተው፣ ግምቱን አጋንነው ግብር ያስቀነሱ ነበሩ። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ማኅበር የሚጠይቀው ቅናሽ አባላቱ ካወጡት ገንዘብ ከ2.5 እጥፍ በላይ ከሆነ እንዲሰረዝ አደረገ። ይህ መደረጉ ተገቢ ነው፤ በማጭበርበሩ የሚጎዱት ከልባቸው መሬታቸውን የሚጠብቁት ናቸውና።

ግብር የሚያስቀንሰው እገዳ ለዘለቄታው የሚጸና መሆን አለበት። ስለዚህ ድርጅቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ መሬቱን ዞረው ያያሉ፤ ከውሉ ውጭ የተሠራ ነገር ካገኙም ባለቤቱን፣ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ያቆሙታል።