ሳንባ ውስጥ ያለው ዝምተኛ ቀጣና

ሬኔ ላኔክ የሚታወቀው ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ማዳመጫ በመፍጠሩ ነው። ሰውየው ግን ሬሳም ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ የአንዳንድ ሟቾች ደረት ሲከፈት ሳንባቸው እንደ ሌላው እንደማይሟሽሽ፣ እንደተነፋ እንደሚቀር ጻፈ። ቧንቧዎቹም ውስጥ አክታ አገኘ። አየሩ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። የት ላይ?

ይህን በመሣሪያ ለክቶ ለመመለስ 150 ዓመት ገደማ ፈጀ። በመሃሉ፣ በ1840ዎቹ፣ እንግሊዛዊው ጆን ሃቺንሰን ስፓይሮሜትርን ሠራ። መሣሪያው ከአፍ የሚወጣውን አየር ይለካል፤ ጥበቱ የት እንዳለ ግን አይናገርም።

የአየር ቧንቧ ከጉሮሮ ተነሥቶ 20 ጊዜ ያህል እየተከፈለ ይወርዳል። ከታች ያሉት ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከወንዝ የተጠለፈ መስኖን ማሰብ ይበቃል። ዋናው ቦይ ቢደፈን ማሳው ሁሉ ይደርቃል። ከሺዎቹ ትንንሽ ቦዮች መቶው ቢደፈኑ ግን ከላይ የቆመ ሰው ልዩነቱን አያይም።

በ1968 ጄምስ ሆግ፣ ፒተር ማክለምና ዊሊያም ተርልቤክ ከሟቾች በወጣ ሳንባ ላይ ትንንሾቹን ቧንቧዎች ከትልልቆቹ ለይተው ለኩ። በጤነኛው ሳንባ የትንንሾቹ ተቃውሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በታመመው ከ4 እስከ 40 እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ቧንቧዎቹ ጠብበዋል፣ በአክታ ተደፍነዋል፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ጠፍተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄሪ ሚድ ለዚህ ስፍራ «የሳንባ ዝምተኛ ቀጣና» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ልክ ነው፤ ዝምታው ግን የሳንባው ብቻ ሳይሆን የመለኪያውም ነው።

በ2011 በማይክሮ ሲቲ የታየው ደግሞ የባሰ ነበር። በሽታው እጅግ በጸናባቸው ሳንባዎች ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ቅርንጫፎች የቀረው እስከ አንድ አሥረኛ ወርዷል። ቧንቧዎቹ የሚጠፉትም የአየር ከረጢቶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ነው። በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት፣ በሽታቸው ገና «ቀላል» ወይም «መካከለኛ» በተባለ ሰዎች ላይ 40 በመቶ ያህሉ ቅርንጫፍ ጠፍቶ ተገኘ። ይህን ያህል ያጣን ሳንባ «ቀላል» ማለት ለመዝገብ ይመች ይሆናል፤ ለታማሚው ግን ማዘናጊያ ነው። የጠፋውን ቧንቧ መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስካሁን የለም።

ጭሱም የሲጋራ ብቻ አይደለም። የማገዶ ጭስም ይህን በሽታ ያመጣል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች እናት ዳገት ላይ ቆም ብላ ስታለከልክ «እርጅና ነው» ትባላለች፤ እሷም አምና ወደ ምጣዷ ትመለሳለች።