ከካኪ እስከ እስስት

አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ሱቁ በካኪ ጣቃ ይሞላል፤ የተማሪው ሱሪም የዘበኛው ኮትም ከዚያው ይቆረጣል። ቀለሙ የፈዘዘባት እናት ስታቅማማ ጨርቁን በመዳፉ እያሸ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ እድፍ ቻይ ነው፤ ልጁ አፈር ላይ ቢንከባለል አያሳብቅበትም" ይላታል። ልኩን አስለክቶ በማግስቱ "ቀለሙን ቀይርልኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ፣ ሰውዬው ከወጣ በኋላ "እስስት!" ብሎ መርፌውን ይቀጥላል።

የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ስለ እንስሳት ቀለም ሳነብ፣ የአባቴ ማሻሻጫ የጨርቁ ስም ትርጉም ሆኖ አገኘሁት። በፋርስኛና በኡርዱ "ኻክ" ማለት አፈር፣ አቧራ ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. ፔሻዋር ላይ የተመሠረተው የእንግሊዞች የጠረፍ ጦር፣ በአዛዡ በሃሪ ላምስደን ጊዜ፣ ከቀይ ኮት ይልቅ አቧራ የሚመስል ልብስ ለበሰ። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጥጥ ጭቃ ውስጥ ይነከር ነበር ይባላል። የማይለቅ ቀለም የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የላንካሻየሩ ባለሙያ ፍሬድሪክ ጋቲ ማቅለሚያውን በስሙ ያስመዘገበው በ1884 ነው።

ካኪ ከህንድ ወጥቶ ከዘመተባቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎች አንዱ ደግሞ እኛው ወሎ ላይ ያበቃው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ከቦምቤይ ተነሥቶ ዙላ ላይ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ውስጥ ካኪ ለባሾች ነበሩበት። የመጡት በበጋ ነው። አገሩ ደርቆ፣ ሣሩ ነጥቶ፣ ልብሳቸው ከመሬቱ ጋር የሚስማማበት ወራት። ያው ልብስ ነሐሴ ላይ፣ የወሎ ተራራ ሲለመልም፣ ከሩቅ በታየ ነበር። የካኪ ጉድለት ይኸው ነው፦ የሚያውቀው አንድ አፈር፣ አንድ ወቅት ብቻ ነው።

ከአቧራው አልፎ የእንስሳትን ጥበብ የመረመረው ወታደር ሳይሆን ሠዓሊ ነው። አሜሪካዊው አቦት ታየር በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የብዙ እንስሳት ጀርባ የጠቆረው ሆዳቸው የነጣው በከንቱ እንዳልሆነ አስረዳ። ፀሐይ ከላይ ጀርባን ታበራለች፣ ሆድ በጥላ ይጨልማል፤ የእንስሳው ቀለም ይህንን ገልብጦ ያካክሰዋል፣ አካሉም ጠፍጣፋ መስሎ ከዳራው ይዋሐዳል። ታየር የእንጨት እንቁላሎችን በዚሁ ሥርዓት ቀብቶ ሲያሳይ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ይሰወሩ ነበር።

የፈረንሳይ እግረኛ ግን በ1914 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባው ቀይ ሱሪ ለብሶ ነው። መትረየስ ለቀይ ሱሪ አይራራም። በ1915 ሠዓሊው ጊራንድ ደ ሴቮላ የመሩት የመሰወሪያ ክፍል ተቋቋመ፤ የትያትር መጋረጃ ሲቀቡ የኖሩ እጆች መድፍና ሸራ ያዥጎረጉሩ ጀመር። ለክፍሉ ምልክት የመረጡት እስስትን ነው። የቀቡት ሸራ ግን እንደ ካኪው ሁሉ አንዴ የተቀባውን ይዞ ይቀራል።

እውነተኛው የመሰወር ጌታ ባሕር ውስጥ ነው። ኦክቶፐስ ከአጠገቡ ያለውን ድንጋይ መስሎ እንደሚያድን አሪስቶትል ገና በጥንት ዘመን ጽፏል። ቆዳው ላይ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች አሉ፤ ጡንቻ ሲስባቸው ይሰፋሉ፣ ሲለቃቸው ይጨማደዳሉ። በ2014 ጆን ሮጀርስና ኩንጂያንግ ዩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ቆዳ አርአያ አድርገው ስስ ገበታ ሠሩ። ከሥሩ ብርሃን የሚለዩ ጥቃቅን መሣሪያዎች አሉት፤ ከላይ ያለው ጥቁር ማቅለሚያ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ቀለሙን ያጣል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ይገለጣል። በአንድ ሁለት ሰከንድ የዳራውን ንድፍ ይቀዳል፤ ግን በጥቁርና በነጭ ብቻ። አባቴ በመቀስ የሚቆርጠው ጣቃ ገና አልሆነም።

እስስትስ? በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት ቆዳ ውስጥ የተደረደሩ ደቃቅ ክሪስታሎች አገኙ። እንስሳው ሲረጋጋ ይቀራረባሉ፣ ሲቆጣ ወይም ሴት ሲያይ ይራራቃሉ፤ ቀለሙ የሚለወጠው በዚያ ርቀት ነው። ለመደበቅ ከሚለውጠው ይልቅ ስሜቱን ለመንገር የሚለውጠው ይበዛል።

አንድ ተማሪ በእንጨት ላይ አድርጎ እስስት ይዞልኝ መጣ። ከአባቴ ሱቅ የተረፈች የካኪ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እዚያው አስቀመጥነው። ክፍሉ በሙሉ ካኪ እስኪሆን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። እሱ ግን ጠቆረ፣ አፉን ከፍቶ እፍ አለ።

"መምህር፣ ተናደደ እኮ!" አለች ከኋላ ወንበር አንዷ።

ከፈረንሳዮቹ ሠዓሊዎች ይልቅ እስስትን የሚያውቁት እሷና አባቴ ናቸው።