የንጉሥ ጆሮ

ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘው ጦር በማኅሌታዊው እግር ላይ መተከሉን ሳያውቅ ቀረ፤ ያሬድም ሕማሙ አልተሰማውም ሲሉ ሊቃውንት ይተርካሉ። ይህ የ6ኛው ምዕት ዓመት ንጉሥ፥ በዜማ ምክንያት ሥልጣኑን ለአንድ ሰዓት የረሳ ንጉሥ ነው።

በቤተ መንግሥት ግን ዜማ ሌላም ሥራ ነበረው። ነጋሪት ሲጎሰምና መለከት ሲነፋ ሕዝቡ ሹመትን ወይም ዐዋጅን ይጠብቃል። ከዐድዋ ድል በኋላ ደግሞ ከሩሲያው ቄሣር ከኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያ በስጦታ መጣ።

የዚህን መሣሪያ ጥቅም አብልጠው የተረዱት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ናቸው። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፥ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ እየነፉ ተቀበሏቸው። እርሳቸውም ከአርመኑ ፓትርያርክ አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ርኅራኄ ነበረ፤ የመንግሥት አሳብም ነበረ፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። ጆሯቸው ያዳመጠው ዜማውን ብቻ ሳይሆን፥ ነገ በቤተ መንግሥቱ ደጅ ቆመው የሚሰሙትን የውጭ አገር መልእክተኞች ጭምር ነው። የልጆቹ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፥ ከጎጃም የቅኔ ቤት የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ሠርተው፥ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ያሬድን ከመቅደሱ ያወጣው የለም፤ ናሱ የተሰጠው ለአደባባዩ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ሙዚቃን በወታደር እጅ ማኖራቸውን አልተዉም፤ ክብር ዘበኛም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ነገር ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው ይኸው ክብር ዘበኛ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ የኦርኬስትራው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ። ኦርኬስትራው ግን አልተበተነም። ከአገናና ከሌላው የጉራጌ አገር ለሥራ የመጣ ሰው በበዛበት በመርካቶ ሠፈር ያደገው፥ የጉራጌ ወላጆች ልጅ ማሕሙድ አሕመድ ጥቂት ቆይቶ ገባበት።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ መዝሙራቸውም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ተተካ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ሰው የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ይሰማ ነበር።