ነጩ አዳኝና የኛ ገዳይ

የጀብዱ ልብ ወለድ ያነበበ ወይም በሲኒማ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ገጸ ባሕርይ ያውቀዋል። የቡሽ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ጠመንጃውን በክንዱ ላይ አጋድሟል፣ ግድግዳው በአንበሳ ራስና በጎሽ ቀንድ ተሸፍኗል። ጫካ ውስጥ ያለው ፍጡር ሁሉ ለሱ ጥይት የተፈጠረ ይመስለዋል። በመጨረሻ ላይ ግን ለሌላው ባጠመደው ወጥመድ ራሱ ይያዛል፤ አንባቢም «እሰይ!» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ ይህ ክፉ ሰው ከየት መጣ? ደራሲ ከባዶ ፈጠረው ወይስ በእግሩ የሄደ፣ በታሪክ የተመዘገበ ሰው ነበር? ነበር። ከነዚያ አንዱም ሸዋ ድረስ መጥቶ አንኮበር ላይ ከኛ ሰዎች ጋር ተገናኝቷል። ስለዚያ ግንኙነት ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። አዳኙ በተረት ውስጥ ሲወለድ ክፉ አልነበረም። እንግሊዛዊው ራይደር ሃጋርድ በ1885 ስለ ንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች ባሳተመው ልብ ወለድ ዋናው ጀግና አለን ኳተርሜን የዝሆን አዳኝ ነው፤ በዝሆን ጥርስ የሚተዳደር፣ ደግና ደፋር ሰው ሆኖ ነው የተሣለው። በ1924 አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮኔል ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ደግሞ ጄኔራል ዛሮፍ የሚባል አዳኝ መጣ። ዛሮፍ አውሬ ማደን ሰልችቶት በደሴቱ ላይ ሰው ማደን የጀመረ ነው። ኳተርሜንና ዛሮፍ ምን ለያቸው? ጠመንጃው ያው፣ ዒላማ አመታቱ ያው፣ ኩራቱም ያው ነው። የተለየው ታዳኙ ብቻ ነው! የዛሮፍ ታዳኝ ሬንስፎርድም ቢሆን ራሱ ስመ ጥር አዳኝ ነበር፤ የታዳኝን ፍርሃት ያወቀው እሱ ሲታደን ነው።

ወደ እውነተኛው ሰው እንምጣ። ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ በ1807 የተወለደ፣ በሕንድ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ መሐንዲስ የነበረ መኮንን ነው። በ1836 ለጤናው ዕረፍት ተሰጥቶት ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያም ከማታቤሌው ንጉሥ ከምዚሊካዚ ፈቃድ ተቀብሎ በየሜዳው ሲተኩስ ከረመ። ዝሆንም አውራሪስም ቀጭኔም አልቀረውም፤ ያወቀውንና የገደለውን አውሬ ሁሉ በቀለም ሥሎ፣ ጽፎ አሳተመ። ከሣላቸው አንዱ ኳጋ የሚባለው፣ በፊተኛው የአካሉ ክፍል ዥንጉርጉር የሆነ የሜዳ አህያ ነው። ሐሪስ ይህን እንስሳ በትልልቅ መንጋ ሲሄድ አይቶታል። ግን ግማሽ ምዕት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1883፣ የመጨረሻዋ ኳጋ አምስተርዳም ከተማ በአጥር ውስጥ ሞተች። ሥዕሉ ቀረ፣ እንስሳው ጠፋ።

ይኸው ሰው በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች አለቃ ሆኖ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ከእጅ መንሻው ሁሉ የንጉሡን ዓይን የሳበው ጠመንጃውና መድፉ ነው። በኅዳር ወር 1841 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ሐሪስ በሸዋ በቆየበት ጊዜም አደኑን አልተወም፤ ዝሆን ሲጥል በቤተ መንግሥቱ እንደ ጀግና ታየ። ለምን ቢሉ ዝሆን መግደል በኛም አገር ትልቅ ማዕረግ ነበርና! ቦምቤይ ላይ ጨዋታ የነበረው አንኮበር ላይ ክብር ሆነ።

ሁለቱ ወገኖች ቋንቋ ባይግባቡም ግዳይ ሲሉ ተግባቡ። እንግሊዛዊው አዳኝ የእንስሳውን ራስ አድርቆ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ የኛ ገዳይ ግዳዩን በጌታው ፊት ጥሎ «ዘራፍ!» ብሎ ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ ጌጥ ያስራል። በመሠረቱ ነገሩ አንድ ነው።

ይበልጥ የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ሐሪስ ንጉሡን ተከትሎ በኦሮሞዎች ላይ የተደረገ ዘመቻ አይቷል፤ ያየውንም በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ዘርዝሮታል። መንደር ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ሰው ሲታረድ፣ ዘማቹም ግዳዩን ይዞ በንጉሡ ፊት ሲፎክር ጽፏል። ይህንን ማንም የፈረንጅ ስም ማጥፋት ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም፤ በግዳይ ሥርዓታችን ውስጥ የሰውና የዝሆን ግዳይ በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጡ እንደነበር ሽማግሌዎቻችንም ያውቁታል። አንድ ዝሆን ከብዙ ሰው ግዳይ ጋር ይነጻጸር ነበር። ታዲያ ዛሮፍ በደሴቱ ላይ የፈጠረው አዲስ ነገር ምንድን ነው? ኮኔል አንባቢውን ለማስደንገጥ ያሰበው ሐሳብ፣ ሰውን ከአውሬ ጋር ቆጥሮ ማደን፣ በኛ ፉከራ ውስጥ የተለመደ ቆጠራ ነበር።

ይህ የአንድ ወገን ነውር እንዳይመስልብን የጨፋ ሮቢትን አካባቢ እንይ። ሮቢት ከሮብ ገበያው፣ ከሚሴ ከኀሙሱ፣ ሰንበቴም ከእሑዱ ስማቸውን ያገኙበት አገር ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በነዚህ ገበያዎች ይገናኛሉ። ቦርከና ወደ አዋሽ የሚወርድበት የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋርን ግመልና ከብት ሳይቀር ያጠጣል፣ ያበላል። በምዕራብ ያሉት አንጾኪያና ኤፍራታ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ሰሜናዊ ጠረፍ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጠረፍ ላይ የገዳይ ክብር የማያውቅ ወገን አልነበረም። ኦሮሞውም ገዳዩን ያከብር ነበር፤ በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ እስከ መጨረሻው የሄደው፣ አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገር የአፋር ጎበዝ በገደለው ሰው ቁጥር ጌጥ ያደርግ እንደነበር ጽፏል። ቴሲገር ራሱም ከአደን የማይለይ ሰው ነበር። ለዚህ ይሆናል ያላደነቀው ለማለት የተቸገረው። በገበያ ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው በጠረፍ ግዳይ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ከክብሩ በታች ደግሞ ንግዱ አለ። ሐሪስ ጠመንጃ በስጦታ አመጣ፤ ከሱ በኋላ የመጡት በሽያጭ አመጡት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1887 የጠመንጃ ቅፍለት ይዞ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገብቷል። የጠመንጃው ዋጋ ከሚከፈልባቸው ሀብቶች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። እንግዲህ ቀለበቱን ተመልከቱ፤ በጥርሱ ጠመንጃ ይገዛል፣ በጠመንጃው ዝሆን ይገደላል፣ ጥርሱ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። ጠመንጃው ዝሆን ሲያጣ ወደ ማን እንደሚዞር መገመት አያዳግትም።

የሞቱት አውሬዎች ደግሞ የገዳያቸውን ስም ይዘው ቀሩ። በሰንቀሌ የተጠበቀው ቆርኬ በዓለም የሚታወቀው በእንግሊዛዊው መኮንንና አዳኝ በስዌይን ስም ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘንም ሳይንሳዊ ስሙ በ1908 ከገደለው ከሻለቃ ባክስተን የመጣ ነው። አገሬው ለእንስሳው ስም አጥቶ ነበር? አላጣም። ግን ስም የሚጻፈው በገዳዩ እጅ ነው።

«ኧረ ተው፣ አያቶቻችን ከብት የሚፈጅ አንበሳ ባይገድሉ ምን ሊሆኑ ነው?» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት አለው። ከብቱን የሚጠብቅ እረኛና ማዕረግ የሚፈልግ መኳንንት አንድ አይደሉም። ከ1936 እስከ 1941 በፋሽስት ላይ በዱር የተዋጋው አርበኛም ያነጣጠረው በአደን በለመደው ዓይን ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ ተኩሱ ሳይሆን ስለ ቆጠራው ነው። መከላከል ቁጥር አያስፈልገውም፤ ቁጥር የሚያስፈልገው ሽልማት ነው።

በቋንቋችን «አዳኝ» የሚለው ቃል ሲጻፍ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ የሚያድን፣ አንዱ የሚያድነን። የሚለዩት ሲነበቡ ብቻ ነው። ሐሪስ በመጽሐፉ ሁለቱንም ነኝ ይላል። ዝሆን ጣልሁ ይላል፤ በጎንቾ እስር የነበሩ የንጉሡ ዘመዶች በኔ ምልጃ ተፈቱ ይላል። ምናልባትም ሁለቱም እውነት ነው። የጀብዱ ተረት ክፉ ሰው ይህን ድርብነት አያውቅም፤ ለዚህ ነው እሱን መጥላት የሚቀልለን።

መጋቢት 2015 ኢትዮጵያ 6 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ አቃጥላለች። ያን ጊዜ በእሳት የተጣለው ጥርስ በሣህለ ሥላሴ ፊት ቢቀርብ ኖሮ ስንቱን ያስፎክር ነበር! ሚዛኑ ተለወጠ ማለት ነው፤ ቢያንስ ለዝሆኑ። በሰው በኩል ግን ዛሬም የገደለ እንጂ ያስታረቀ የማይዘፈንለት ከሆነ፣ ነጩን አዳኝ በተረት ውስጥ ጉድጓድ ብንከትተው ምን ይጠቅመናል? በጠረፍ ያሉ ሽማግሌዎች ከብት የጠፋባቸውን የሁለት ጎሣ ሰዎች ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ። የነሱን ሥራ የሚቆጥር ፉከራ የለንም። የሚጻፍ ካለ ይሄ ይጻፍ።