ከምላጭ ወደ ድምፅ፦ የቆዳ ካንሰርን ስርጭት የመፈለግ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ከውስጥ እግር ይነሣል። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በእኛ በጥቁሮች ላይ በአብዛኛው የሚወጣው በዚያ ነው፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ወደ ብሽሽት የንፍፊት ዕጢዎች ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ1892፣ አገራችን ከክፉ ቀን ረሃብ በምትወጣበት ዘመን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ስኖው እነዚህ ዕጢዎች ሳያብጡ አስቀድመው ይውጡ ሲል አስተማረ። ምክሩ ሐኪሞችን ምዕተ ዓመት ያህል አከራከረ። በ1992 አሜሪካዊው ዶናልድ ሞርተን ሰማያዊ ቀለም በመርፌ እየሰጠ፣ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስበትን ዕጢ ለይቶ የማውጣትን ዘዴ ይፋ አደረገ። በዚያ ዕጢ ካንሰር ከተገኘ ግን የቀሩትም ይወጡ ነበር።

አልትራሳውንድ የገባው እዚህ ላይ ነው። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያውን መሣሪያ ለማኅፀን ምርመራ አውሎ ውጤቱን በ1958 አሳተመ፤ እናቶቻችንም መሣሪያውን የሚያውቁት በእርግዝና ነው። በዚሁ ድምፅ ሲታይ ጤናማ ዕጢ ሞላላ፣ መካከሉም ነጣ ያለ ነው፤ ካንሰር የገባበት ብዙ ጊዜ ይከብባል፣ ይጠቁራል። ገና በጣም ጥቃቅን የሆነውን ግን ድምፅ አያሳየውም።

በ2017 የታተመ፣ ከ1,900 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ክርክሩን ለወጠው። በመጀመሪያው ዕጢ ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል፣ የቀሩት ዕጢዎች የወጡላቸው በአልትራሳውንድ ከተከታተሉት ይልቅ ዕድሜ አላገኙም። እብጠት ግን ከወጣላቸው 24 በመቶውን ሲይዝ፣ ከተከታተሉት የያዘው 6 በመቶውን ብቻ ነው። እግሩ እንደ ዝሆኔ ላበጠ የቦረና ገበሬ ይህ ልዩነት እርፍ የመጨበጥና ያለመጨበጥ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ በጥናቱ ምላጩን የተካው አንድ ጊዜ መታየት አልነበረም። ሕሙማኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየ4 ወሩ፣ ከዚያም እስከ አምስተኛው ዓመት በየ6 ወሩ ይመረመሩ ነበር። ከመካነ ሰላም ደሴ ይህን ያህል የሚመላለስ ገበሬ ማን ነው? የመሳፈሪያውን ማን ይከፍላል? የእርሻውን ቀን ማን ይተካለታል?

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አክሟል። ያ ሕክምና ያስተማረን የሕመምተኛን ውስጥ እግር ገልብጦ ማየትንና በቀጠሮ መከታተልን ነው። መሣሪያው፣ ለዕጢ የሚስማማው መዳሰሻና የሠለጠነ ዓይን ለሕመምተኛው መንደር ካልቀረቡ፣ እርሱን «ተመለስ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና ሊባል አይችልም።