አሚሾችና የቤት ኢንተርኔት

አሚሾች በ1693 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በያኮብ አማን መሪነት ከስዊስ አናባፕቲስቶች (የሕፃናትን ጥምቀት ከማይቀበሉ ክርስቲያኖች) የተለዩ ናቸው። ዛሬ በአብዛኛው በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮና በኢንዲያና ይኖራሉ፤ ቁጥራቸው ወደ 400,000 ይገመታል። ወግ አጥባቂዎቹ ቤታቸው ኢንተርኔት አያስገቡም። ምክንያቱ ድህነት ወይም የመስመር እጦት አይደለም።

ደንቡ

ክልከላው የሚመነጨው «ኦርድኑንግ» ከተባለው የአጥቢያ ደንብ ነው። ደንቡ በአብዛኛው በቃል የሚያዝ ነው፤ ምእመናኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ከቁርባን በፊት ይስማሙበታል። ከአጥቢያ አጥቢያ ስለሚለያይም «አሚሾች ይህን ይከለክላሉ» ብሎ በጅምላ መናገር ያሳስታል።

የስልኩ ጠብ

የኢንተርኔቱ ነገር ከስልኩ ይጀምራል። በፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር አውራጃ አንዳንድ ቤተሰቦች ስልክ አስገብተው ነበር፤ በ1910 አካባቢ ግን ከቤት ይውጣ ተባለ። በአፍ የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ ሁለት ሴቶች በስልክ ሦስተኛዋን ሲያሟት፣ መስመሩ የጋራ ነበርና ታሚዋ ሁሉንም ትሰማ ኖሯል፤ ነገሩ ከርሮ ጉባኤ ፊት ቀረበ። ታሪኩ ይጥማል፣ ብቻውን ግን አያሳምንም። በዚያው ሰሞን ከምእመናኑ አንድ አምስተኛ ገደማ ተለይተው ወጥተዋል፤ ከስልኩ ሌላ የተወገዙ ሰዎች አያያዝም አከራክሯቸው ነበር። ተመራማሪዋ ዳያን ዚመርማን አምብል በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን በሰፊው መርምረዋል።

ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን መላ ተገኘ፤ ከቤት ራቅ ብላ የቆመች፣ ሽንት ቤት የምታክል የእንጨት ጎጆ፣ በውስጧም ጎረቤታሞች የሚጋሩት ስልክ። ሐኪም መጥራት የፈለገ ወደ ጎጆዋ ይሄዳል፤ ስልኩ ግን ማንንም ከማዕድ አያስነሳም።

የኢንተርኔቱም ድንበር በዚሁ ልክ የተሰመረ ይመስላል። የቤት ዕቃ የሚሠራ አሚሽ ድረ ገጹን አሚሽ ያልሆነ ሰው ሊያስተዳድርለት፣ ትእዛዙም በስልክ ወይም በፋክስ ሊደርሰው ይችላል። ይህን ግብዝነት የሚሉት አሉ፤ ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። ደንቡ ዕቃውን ርኩስ አይለውም፤ የሚጠይቀው ቤት ቢገባ ቤተሰቡን ምን ያደርገዋል ብሎ ነው።

ጋዜጣው

አሚሾች የሚያነቡት ጋዜጣ «ዘ በጀት» በ1890 በሹገርክሪክ፣ ኦሃዮ ተመሠረተ። ከየአጥቢያው የሚላኩ ደብዳቤዎችን ያትማል፦ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ እህሉ እንዴት ነው። በ2006 አሳታሚዎቹ ደብዳቤዎቹን በድረ ገጽ ለማውጣት ሲያስቡ፣ ጸሐፊዎቹ መላኩን እናቆማለን በማለታቸው ሐሳቡ ቀረ።

ስማርት ስልክ

ገና ያልተጠመቁ የአሚሽ ወጣቶች ስማርት ስልክ ይዘው ይታያሉ። ኪስ ውስጥ ስለሚገባ የጎጆዋ መላ አይሠራለትም።

ሌሎች ማኅበረሰቦች

ኢንተርኔት የሚያሳስባቸው አሚሾች ብቻ አይደሉም፤ በግንቦት 2012 ከ40,000 በላይ ሐሬዲ (እጅግ ወግ አጥባቂ) አይሁዳውያን ወንዶች ስለ ኢንተርኔት አደጋ ለመምከር በኒው ዮርኩ ሲቲ ፊልድ ስታዲየም ተሰብስበው ነበር።