ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ

መንዝ የድንጋይ ቤት አገር ነው። ደጋው እንጨት ስለሚያጥረው ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፤ ጭሱም የሚወጣው በበሩና በሣር ክዳኑ መሐል ተሹለክልኮ ነው። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ በጥላሸት ሲጠቁር ሴቲቱ ጭቃና እበት ለውሳ ትለቀልቀዋለች። ግድግዳው ይታደሳል፤ ሳንባዋ ግን አይታደስም።

የዛሬው ከተሜ በዚያው ቦታ መስተዋት ያስለጥፋል። ለምድጃ ጀርባ የሚሆነው ከ600 ዲግሪ በላይ ግሎ በአየር ድንገት የቀዘቀዘው ነው። የሶኬቱ ቀዳዳ አስቀድሞ ይበሳል፤ በኋላ ቢበሱት ይበታተናል። ጥላሸቱንና የዘይቱን ፍንጣቂ እርጥብ ጨርቅ ያነሳዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን በጭስ የተበከለ የቤት ውስጥ አየር በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ይገምታል። መስተዋት ግድግዳን እንጂ ሰውን አይጋርድም። እንግዲያው ከመስተዋቱ ቀለም በፊት የጭሱን መውጫ እንምረጥ።